ንስሐ ያልገባችበት መስቀል

ዘይነባ ከሸዋ ሮቢት ስትደውል ሰላምታዋ አያልቅም። ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ብርዱስ፣ ደብረ ሲና ዛሬም ጉም ለብሳለች ወይ፣ እናንተ ጋ ሽንኩርት ስንት ገባ... ባለፈው ማክሰኞ ግን "ሲስተር" ብላ ዝም አለች።

"ምነው ዘይነባ?"

"አየለች ሄደች።"

"ወዴት?" አልኩ፤ እኔ ጅሏ።

"ኢና ሊላሂ! ወዴት ይኬዳል እንግዲህ? ትናንት ቀበርናት። እስላም ክርስቲያኑ ወጥቶ ነው የሸኛት።"

ጮህኩባት። ለኔ ሳትነግሪኝ እንዴት ትቀብሪያታለሽ ብዬ ጮህኩባት። "ሦስቴ ደውዬ አልገባ ብሎኝ ነው!" ብላ እሷም ጮኸችብኝ። ስልኩ ላይ ተጯጩኸን ተጯጩኸን ሲደክመን ሁለታችንም ማልቀስ ጀመርን። ለእትዬ አየለች የሚገባት ለቅሶ እንዲህ ያለው ነው። ቀስ ብለው በጨዋ ወግ ቢያለቅሱላት፣ ከሳጥኑ ተነስታ "ምን ሆናችኋል፣ ጉንፋን ያዛችሁ?" የምትል ሴት ነበረች።

እትዬ አየለች ሸዋ ሮቢት ገበያ ውስጥ ነቃሽ ነበረች። ከዘይነባ የሽንኩርትና የማንጎ መደብ ጎን ሸራ ወጥራ፣ አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ዕድሜ ልኳን የሴት አንገትና ግንባር ስትነቅስ ኖራለች። ከቀወት ገጠር፣ ከማጀቴ፣ ከካራቆሬ ሳይቀር በሚኒባስ እየተሳፈሩ ይመጡባት ነበር። እሷ ራሷ አጭርና ቀጭን ናት፤ ግንባሯ ላይ ከዕድሜ ብዛት ወደ ሰማያዊ የሄደ ትንሽ መስቀል አለ። ሰው ሲከራከራት አውራ ጣቷን በምራቋ ታረጥብና ግንባሩን ጥርግ ታደርገዋለች፤ ጥላሸት የተረፈበት ይመስል። ይሄን ነገሯን እንዴት እጠላው እንደነበር! በየሳምንቱ ነበር የምታደርገኝ።

የተዋወቅነው በጠብ ነው። ያኔ፣ ወደ ደብረ ሲና ሳልመለስ፣ ከተማው ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ አዲስ የተመደብኩ ነርስ ነበርኩ። ከደብረ ሲና ብርድ ወርጄ ሙቀቱ ራሴን ያዞረኛል፣ ወባ አንድ ጊዜ ጥሎኝ ተነስቻለሁ፣ በዚያ ላይ የሚያየኝ ሰው ሁሉ "ትለምጂዋለሽ" ይለኛል። አንድ ቀን አንገቷ በንቅሳት ያመረቀዘ ልጅ መጣች። ማን እንደነቀሳት ጠይቄ፣ ጋውኔን እንኳ ሳላወልቅ ገበያ ወረድኩ።

"እርስዎ ነዎት ነቃሿ?" አልኩ ከፊቷ ቆሜ።

ቀና ብላ አየችኝ። "እርስዎ አትበይኝ። ልትሰድቢኝ እንደመጣሽ ፊትሽ ይናገራል። አንቺ በይና እንደልብሽ ስደቢኝ።"

ዘይነባ ከሽንኩርቷ ጀርባ ሳቀች። እኔ ይበልጥ ተናደድኩ።

"ይሄ መርፌ ስንት ሰው ወግቷል?"

"ዛሬ ነው ወይስ ከተገዛ?"

እዚያው ገበያው መሀል ትምህርት ከፈትኩ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ጉበት በሽታ፣ ስለ ቆሻሻ መርፌ፣ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። እጇን አጣጥፋ እስክጨርስ ሰማችኝ።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ!"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ በሽታ ነው አትይም? እስከዛሬ የመጣብኝ ሁሉ ኃጢአት ነው እያለ ነው የሚመጣው። ኃጢአቱን እኔና ፈጣሪ እንነጋገርበታለን። በሽታውን ግን አንቺ ታውቂያለሽ፤ እሰማሻለሁ።" ብላ አውራ ጣቷን አርጥባ ግንባሬን ጠረገችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ አዲስ ሕግ አወጣች። መርፌዋን ከነወረቀቱ ይዛ ያልመጣች ሴት አትነቀስም። መርፌዎቹን እትዬ አየለች በተነቃሿ ፊት በክር ታስራለች፤ ስትጨርስም እዚያው ሰባብራ ቆርቆሮ ውስጥ ትጥላቸዋለች። አንዷ ሴትዮ "ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የጠነከርሽው?" ብትላት "ሐኪም አዞኝ" አለቻት፤ በአገጯ ወደኔ እያመለከተች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስወጣ በሸራዋ በኩል ማለፍ ልማዴ ሆነ። ሻይ ይዤላት እሄዳለሁ፤ እሷም የዋለችበትን ትነግረኛለች።

ሥራዋን ሳይ ብውል አይሰለቸኝም ነበር፤ ይሄን የምለው እኔ ያልተነቀስኩት፣ ወደፊትም የማልነቀሰው ነኝ። ከኩራዝ ጭስ የሰበሰበችውን ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ትበጠብጣለች። በስንደዶ ጫፍ ትስላለች። ከዚያ ከመውጋቷ በፊት የክርስትና ስም ትጠይቃለች፤ ግንባር ከሆነ። አንገት ከሆነ ምንም አትጠይቅም። "አንገት ለባል ነው፣ ግንባር ለፈጣሪ ነው" ትላለች። ግንባሯን ለውበት ብላ የመጣችውን አትነካትም። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለሰርግ የመጣች ልጅ ስልኳን አውጥታ ክንፍ ያለው መስቀል አሳየቻት። እትዬ አየለች ስልኩን አቅርባ፣ አርቃ፣ ገልብጣ አየችው።

"ይሄ መስቀል ነው ወይስ አሞራ?"

"ፋሽን ነው እማማ።"

"እንግዲያው ፋሽን የሚያውቅ ፈልጊ፤ እኔ የማውቀው አራት ጫፍ ያለውን ነው።"

እንዲህ ስትቀልድ የምታይ ሰው ነገሩን እንደ ጨዋታ የያዘችው ይመስለዋል። አንድ ቀን ለምን ግንባር ላይ እንዲህ እንደምትጠነክር ጠየቅኳት። ልጅ ሳለች ክፉ ቀን መጣ አለችኝ። ዝናብ ቀረ፣ ማሽላው ሜዳ ላይ ደረቀ፣ አባቷ ሞተ። እናቷ እህል ወዳለበት ልትሰደድ አራት ልጆቿን ሰብስባ፣ ከመንገዱ በፊት የሁሉንም ግንባር ነቀሰች። ትልቁ ወንድሟ "ርቦን ሳለ ይሄ ምን ይረባናል?" ብሎ አለቀሰ።

እናቷ "የምናልፈው ቆላ ነው" አለችው። "መንገድ ላይ ብትወድቁ ያገኛችሁ ሰው እስላም ይሁን ክርስቲያን አላውቅም። ሬሳ ደግሞ ስሙን አይናገርም። የት እንደሚቀብራችሁ ግን ግንባራችሁን አይቶ ያውቃል።"

ሁለቱ ወንድሞቿ ማጀቴ ሳይደርሱ ወደቁ። እናትየው ለመቅበር ጉልበት አልነበራትም፤ የተረፉትን ይዛ መንገዷን ቀጠለች። ከወራት በኋላ ስትመለስ፣ አንድ እስላም ገበሬ ሁለቱንም በአህያው ጭኖ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አድርሷቸው እንደነበር ሰማች። ግንባራቸውን አይቶ ነው። ፍትሐት ተደርጎላቸው፣ ከወገን ጋር ተቀብረው ነው ያገኘቻቸው። እትዬ አየለች ይሄን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። "ሙያውን የተማርኩት ከእናቴ ነው" ብቻ አለችኝና ሻይዋን ጠጣች።

አንድ ነገር ግን ይቆጫት ነበር። ቆርባ አታውቅም። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "ቆይ ስናረጅ" እያለ ሲቀጥራት ኖሮ አርጅቶ ሞተ። እሷም "አሁን ማንም አይቀጥረኝም" ብላ ለፍልሰታ ፍቺ ልትቆርብ ለነፍስ አባቷ ለአባ ወልደ ሰንበት ነገረች። በዚያው ሰሞን እግሯ እያበጠ፣ ስትተኛ ትንፋሽ እያጠራት መጣች። መረመርናት፤ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ድረስ ሄዳም ታየች። ልቧ ደክሟል። የነገርኳት እኔ ነኝ።

"ስንት ጊዜ አለኝ?"

"እሱን እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።"

"እሱማ ያውቃል፤ አንቺ የምታውቂውን ንገሪኝ።"

"መድኃኒትሽን ካልዘለልሽ ይሄን ዓመት... ከዚያ በላይ እኔ አላውቅም።"

"ፍልሰታ ከደረስኩ ይበቃኛል" አለች።

ከፋሲካ በኋላ ከሩቅ አገር የተጋበዘ ሰባኪ መጣ። ጉባኤው ሦስት ቀን ነበር። የመጨረሻው ቀን ስብከት ስለ ንቅሳት ሆነ። ድምፅ ማጉያው ወደ ገበያ ዞሮ ስለነበር ያልሰማ የለም። ኦሪት ገላችሁን አትንቀሱ ብሏል፣ ሰውነታችን ቤተ መቅደስ ነው፣ በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የሞነጫጨረ ወዮለት፣ በዚህ ገላችሁ እንዴት ደፍራችሁ ወደ ቁርባን ትቀርባላችሁ... ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ክንዳቸው ላይ አንበሳ ያስነቀሱ የባጃጅ ልጆች እጅጌያቸውን አወረዱ። አሮጊቶቹ ደግሞ፣ አንድ ሙሉ ዓውደ ምሕረት አሮጊት፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ሳቡ። ዕድሜ ልካቸውን ያንን መስቀል ይዘው ጾመው፣ ይዘው ወልደው፣ ይዘው ልጅ ቀብረዋል። እትዬ አየለች ብቻዋን ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ መጣች። "መጽሐፍ ቅዱስ አለሽ አይደል? ሰውዬው ያለውን አንብቢልኝ።" እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ኦሪቱን አውጥቼ አነበብኩላት። ቃሉ አለ፤ ገላን መንቀስ ይከለክላል። ቅር አላት። በጣቷ ገጹን ነካ አድርጋ፣

"ከላዩስ?" አለችኝ።

"ምን ከላዩ?"

"ቃል ብቻውን አይቆምም። ከላዩ ያለውን አንብቢ።"

ከላዩ ያለው ጢምን ስላለመላጨት ነው። ሳነብላት ዓይኗ ፈጠጠ።

"ሰባኪው ጢም ነበረው?"

"ኧረ ልሙጥ ነው፤ ጉንጩ ያብረቀርቃል።"

ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ትንፋሽ አጠራት፤ ውሃ ሰጠኋት። "እሱ ጢሙን ተላጭቶ ይሰብካል፣ እኔ መስቀሌን ይዤ አልቆርብም ማለት ነው?" አለች። "ኦሪትን የሚያነብ እስከ ታች ያንብብ፣ እስከ ላይም ያንብብ። መርጦ የሚያነብ ለራሱ ነው የሚያነበው።" ነገሩን ለሰማት ሁሉ አወራችው። ዘይነባ እንኳ፣ "እኛ ዘንድ ንቅሳት ሐራም ነው፤ እኔ አልነቀስም፤ ግን ክርክሩን አየለች ረታች" ብላ ፈርዳላታለች።

ሳቃችን ሦስት ቀን አልቆየም። ረቡዕ ጠዋት ሸዋዬን ይዘዋት መጡ። ሸዋዬ ከባጃጅ ተራው ጎን ሻይ ቤት ያላት ልጅ ናት፤ ያኔ ሃያ ሰባት ቢሆናት ነው። ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች መስቀላቸውን በባትሪ ውሃ ያጠፋሉ ሲባል ሰምታ፣ ከወንድሟ ባጃጅ ባትሪ ቀድታ ግንባሯን ቀብታዋለች። ስንት ቁስል አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ዓይኗ የተረፈው በተአምር ነው።

እትዬ አየለች ወሬው ደርሷት ያንን ያበጠ እግሯን እየጎተተች መጣች። ሸዋዬ ስታያት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እትዬ አየለች ወጥታ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በማግስቱም መጣች፤ በሦስተኛውም ቀን። እኔ "ያ ሰባኪ ቢመጣ በዚያው በባትሪ ውሃ ነበር ፊቱን የማጥብለት!" ስል "ተይው" አለችኝ። እሷ! ሰው ስትሰድብ ገበያው ሥራ የሚፈታላት ሴትዮ። ልቧ አሟት ነው ብዬ የደም ግፊቷን ለካሁ።

አባ ወልደ ሰንበት ክፉ ሰው አይደሉም። የራሳቸው እናት ግንባር ላይ ያለው መስቀል የእትዬ አየለች እጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሰው ፈሪ ናቸው። ከስብከቱ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ወጥሮ ያዛቸው፤ ነቃሿን ካቆረቡ ሰባኪውን ሐሰተኛ ማድረግ ነው አሏቸው። ስለዚህ አስጠሯት። መድኃኒቷን ይዤ አብሬያት ሄድኩ።

"አየለች፣ ቀላል ነገር ነው" አሏት። "እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመሽ፣ መነቀሴም መንቀሴም ኃጢአት ነው፣ ተጸጽቻለሁ በይ። መርፌሽንም አስረክቢ። ለፍልሰታ ፍቺ አቆርብሻለሁ።"

"አባ፣ ኃጢአቴን ልንገርዎት? ሐሜተኛ ነኝ። ባሌን ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ። ጠላ ስሸጥ ውሃ ጨምሬበታለሁ። ሁሉንም ሕዝብ ፊት እናገራለሁ። መስቀል ማድረጌን ግን ኃጢአት ነው ካልኩ፣ እናቴን ኃጢአተኛ አደረግኳት፤ ሁለት ወንድሞቼን ከመቃብራቸው አውጥቼ መንገድ ላይ ጣልኳቸው። አላደርገውም።"

"እንግዲያው ቁርባኑ ይቀርብሻል።"

"ይቅርብኛ!"

ስንመለስ ተጣላን። አንድ ቃል ናት፣ በያትና ቁረቢ፣ ማን ይመዝንሻል አልኳት። መሀል መንገድ ላይ ቆመች። "ውሸት ተናግሬ ልቁረብ? እንደዚያ ካደረግኩስ እውነትም ወዮልኝ!" ግንባሬን ጠረገችኝና ጥላኝ ሄደች። ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። ሻይዋን ዘይነባ ነበረች የምታቀብላት።

ሰኔ ላይ አንድ ቅዳሜ ዘይነባን ላከችብኝ፤ "እሁድ እናገራለሁ ብያቸዋለሁ፤ ትምጣ" ብላ። እሺ አለች ማለት ነው ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ አልቅሺ አልቅሺ አለኝ። ስለምናት የነበርኩት እኔ፣ እሺ ስትል ከዳችኝ ብዬ ተቀየምኳት። ሰው ሲባል!

እሁድ ዓውደ ምሕረቱ ሞልቷል። ሸዋዬም ነጠላዋን ግንባሯ ላይ ጥላ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች። እትዬ አየለች ተደግፋ ወጣችና ማይኩን ያዘች።

"መስቀል በማድረጌ አልተጸጸትኩም" ብላ ጀመረች።

ሕዝቡ ተንጫጫ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ማይኩን ሊቀማት እጁን ዘረጋ። በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣብቃ ያዘችው።

"ቆይ! አልጨረስኩም። ኃጢአትሽን ተናገሪ ካላችሁኝ ኃጢአት አለኝ፤ ስሙኝ። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛልኝ መጣች። ልጅቱ አልፈልግም አለች። አለቀሰች፤ ነከሰችኝ። እናቷ እጇን ያዘች። እኔ ጭንቅላቷን በጉልበቴና በጉልበቴ መሀል አጣብቄ ወጋኋት። ስትፈራገጥ መስቀሉ ጠመመ። ጠማማ መስቀል ይዛ፣ ደም እየፈሰሳት፣ እያለቀሰች ሄደች። ከዚያ ወዲህ አልፈልግም ያለች ልጅ ነክቼ አላውቅም፤ ግን ይሄ ለሷ ምኗ ነው? ባለፈው ግንባሯን ስታቃጥል ሁላችሁ ስብከቱ ነው አላችሁ። እኔ ግን አውቃለሁ። ያቃጠለችው የኔን ጉልበት ነው። የኔ ኃጢአት መስቀሉ አይደለም፤ እምቢ ያለችን ልጅ ይዤ መውጋቴ ነው። ስሟን አልጠራም፤ ራሷ ታውቃለች። ይቅርታውም ከሷ ነው።"

ስሟን ባትጠራም ሰው ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሸዋዬ ተነሳች። ማንንም ሳታይ በር አልፋ ወጣች።

አባ ወልደ ሰንበት ከዚያ በኋላ "ከተበዳይዋ ሳትታረቂ ወደ ቁርባን አትቀርቢም" አሏት። "ይሄ እውነት ነው" አለቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማሙት ያኔ ነው።

ሐምሌ አለቀ። ፍልሰታ ገባ። እትዬ አየለች እየጾመች እግሯ እንደ እንስራ አበጠ፤ ጾሙን አቋርጪ ብላት ሰደበችኝ። ሸዋዬ ቁስሏን ለማስጠረግ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ ስለ እትዬ አየለች አንድም ቀን አታነሳም። እኔ ቀኑ እየቀረበ ሲመጣ አላስችል አለኝ። ፋሻውን እየጠቀለልኩላት፣

"ሸዋዬ፣ ሴትዮዋ ልትሞት ነው። ይቅር በያት እንጂ፤ ምን ይጎዳሻል?" አልኳት።

ዓይኗን ሳትሰብር አየችኝ። "ሲስተር፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

ማታ ለእትዬ አየለች ነገርኳት፤ ልፋቴን እንድታመሰግንልኝ። ከተኛችበት ቀና አለች፤ እንዲያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም።

"አሁንም ልትይዢልኝ ነው? ያኔ እናቷ እጇን ያዘች፣ እኔ ወጋሁ። ዛሬ ደግሞ አንቺ ያዥልኝና ይቅርታዋን ልውሰድ? እምቢ የማለት መብቷን ሁለተኛ አልወስድባትም! ሳልቆርብ ብሞት ልሙት!"

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ በሕይወቴ እንዲያ ያፈርኩበትን ቀን አላስታውስም። ከዚያ በኋላ ለሸዋዬ ቁስሏን ብቻ ነው ያየሁላት።

የጾሙ የመጨረሻ ቀን እትዬ አየለች ቤተ ክርስቲያን ውሰዱኝ አለች። ባጃጅ ይዤ አደረስኳት። ደጀ ሰላሙ ጋ፣ አባ ወልደ ሰንበት ሰው በሚያነጋግሩበት ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "አባ፣ አልታረቅኩም" አለቻቸው። "እንዲያው ደጁን ልሳለም ብዬ ነው።" እሳቸውም አንገታቸውን ደፉ።

ሸዋዬ ስትመጣ ያየኋት እኔ ነኝ። ነጠላዋን ከግንባሯ አንስታዋለች። ሻካራው ጠባሳ ፀሐይ ላይ ወጥቷል፤ መስቀሉ የለም። መጥታ ከፊታችን ቆመች። እትዬ አየለች እግሯን ልትስም ስትንፏቀቅ ሸዋዬ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

"ተይ እትዬ፣ አትንኪኝ። ቁሚ።"

ደግፌ አቆምኳት።

"ማንም ልኮኝ አይደለም የመጣሁት። ይቅር ብዬሻለሁ። መስቀሉ ግን ስለጠፋ አልቆጨኝም፤ ጠባሳው ይሻለኛል።"

"ይሁን ልጄ" አለች እትዬ አየለች። "ግንባርሽን ያሳምርልሽ አልልም፤ ዕድሜሽን ያሳምርልሽ።" እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አልጠረገችውም።

አባ ወልደ ሰንበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እርቁ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን... የንቅሳቱ ጉዳይ አለ። ኃጢአት ነው ብላ በአንደበቷ አልተናገረችም። ሰበካ ጉባኤው ነገ ቢጠይቀኝ ምን..."

ሸዋዬ ወደሳቸው ዞረች።

"አባ፣ የተወጋሁት እኔ፣ የተቃጠልኩት እኔ። ግንባሩ የኔ ነው። እኔ ከጨረስኩ አንቱ ምን ቀረዎ?"

አባ ወልደ ሰንበት የእጅ መስቀላቸውን አገላበጡት። ጠባሳዋን አዩ፤ የእትዬ አየለችን ግንባር አዩ።

"አየለች" አሉ በመጨረሻ፣ "ነገ ቅዳሴ እንዳይረፍድብሽ።"